መኪና ሞግዚት አይደለችም

«የእኔ መኪና እኮ ሙቀቱንም ቅዝቃዜውንም ራሷ ነው የምታስተካክለው። ልጄ እንደተኛ ትቼው ለአንድ አፍታ ብወርድ ምን ይሆናል?»

አንዲት የሥራ ባልደረባችን በቅርቡ ይህን ስትል ሰማን። ጥያቄው የብዙ እናቶች ጥያቄ ሊሆን ስለሚችል በዚህ ዓምድ ልናነሳው ወደድን።

የመኪናን አየር በራሱ የሚያስተካክለው መሣሪያ አዲስ አይደለም፤ የአሜሪካው ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1964 ሞዴሎቹ ላይ አቅርቦታል። አሠራሩን ለመረዳት ሕፃን የምታጥብ እናትን ማሰብ ይበቃል። እናት የፈላውንና ቀዝቃዛውን ውሃ ቀላቅላ በክርኗ ትለካለች፤ ቢሞቅባት ቀዝቃዛ፣ ቢቀዘቅዝባት ሙቅ ትጨምራለች። በመኪና ውስጥ የክርኑን ሥራ የሚሠሩት የሙቀት መለኪያዎች ናቸው። አንዱ የውስጡን፣ ሌላው የውጭውን አየር ይለካል፤ በብዙዎቹ መኪናዎች ደግሞ የፀሐዩን ኃይል የሚለካ ሌላ አለ። ነጂዋ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ብታደርገው፣ መቆጣጠሪያው ይህንን ቁጥር ከተለካው ጋር ያነጻጽራል፤ ከዚያም ሙቅና ቀዝቃዛ አየር የሚቀላቅለውን ትንሽ በር ይከፍታል ወይም ይዘጋል፤ ማራገቢያውንም ያፈጥናል ወይም ያዘገያል። በቤንዚን መኪና ሙቀቱ የሚገኘው የሞተሩን ግለት ተሸክሞ ከሚዞረው ውሃ ሲሆን፣ ቅዝቃዜው የሚገኘው ሞተሩ በቺንጋ በሚያዞረው ኮምፕሬሰር አማካይነት ነው።

እንግዲህ ሞተሩ ሲጠፋ ኮምፕሬሰሩም ይቆማል፤ ክርኑም እጁም ሥራ ይፈታሉ ማለት ነው። በመስተዋት የገባው ፀሐይ ወንበሩን ያግላል፤ ግለቱም መውጫ ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የአሜሪካ ሐኪሞች ጥናት እንደሚያሳየው፣ የውጭው አየር ከ22 እስከ 35 ዲግሪ ገደማ በነበረባቸው ቀናት የቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት በአንድ ሰዓት በአማካይ 22 ዲግሪ ያህል ጨምሯል። ከዚህም ጭማሪ አብዛኛው የታየው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። መስኮት በጥቂቱ ከፍቶ መተው አልረዳም። የሕፃን ሰውነት ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ፈጥኖ ይግላል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ነፋሻ አየር ሊያዘናጋን አይገባም፤ ፀሐይዋ ብርቱ ናት።

ሞተሩን ሳያጠፉ ልጅን ትቶ መውረድም መፍትሔ አይሆንም፤ ልጅ ማርሽ ሊነካ፣ ሌባም መኪናዋን ከነልጁ ሊወስድ ይችላል።

እናቶችም አባቶችም የሚከተለውን ልማድ ብናደርግ ይበጃል፦

ስንወርድ ልጁ ቢተኛም አቅፈነው እንውረድ። የእጅ ቦርሳችንን ከልጁ አጠገብ በኋላ ወንበር እናስቀምጥ፤ ቦርሳውን ስናነሳ ልጁን ማየታችን አይቀርም። ግቢ የቆመች መኪና ትቆለፍ፣ ቁልፉም ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ። ፀሐይ ላይ የዋለች መኪና ውስጥ ከመግባታችን በፊት በሮቿን ከፍተን የጋለውን አየር እናስወጣ።

ያቺ ባልደረባችን ይህንን ከሰማች በኋላ የሰጠችው መልስ አጭር ነበር፦ «ለካስ የምታስተካክለው እኔ እያለሁ ነው!»