ለጌጥ የተሠራ ሳህን ወደ ማዕድ እንዳይቀርብ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበያዎች በቀለም ያሸበረቁ ሳህኖች፣ ጎድጓዳ ዕቃዎችና የሞሮኮ የታጂን ድስቶች ተደርድረው ይሸጣሉ። ብዙዎቹ ለምግብ የሚሆኑ ናቸው፤ ከመካከላቸው ግን ለግድግዳ ጌጥ ብቻ የተሠሩ አሉ። ልዩነቱን በዓይን መለየት አይቻልም።

ሸክላን የሚያስጌጠው አንጸባራቂ ቅብ በዋናነት ከሲሊካ፣ ማለትም ከአሸዋ ማዕድን ይሠራል። ሲሊካ ብቻውን እንዲቀልጥ 1700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል፤ አነስተኛ እቶን ይህን አይደርስበትም። ስለዚህ ሸክላ ሠሪዎች ከጥንት ጀምሮ ሊድ፣ ማለትም የእርሳስ ማዕድን ይቀላቅሉበታል፤ ቅቡም ከ1000 ዲግሪ በታች ይቀልጣል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የዒራቅ ሸክላ ሠሪዎችን ያስከበረው ነጭ ቅብ እንኳ ሊድ ነበረበት። ለደማቅ ቢጫና ቀይ ቀለም ደግሞ ካድሚየም ይጨመራል።

በትክክል ተመጥኖ በበቂ ሙቀት የተተኮሰ ቅብ ሊዱን አፍኖ ይይዛል። በደንብ ያልተተኮሰው ግን ኮምጣጣ ነገር ሲነካው ይለቀዋል። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ የቲማቲም ወጥ፣ የተምር ሂንዲ መጠጥ፣ በረመዳን ከኢፍጣር ማዕድ የማይጠፉት ሁሉ ኮምጣጣ ናቸው። ምግቡ በዕቃው ውስጥ ሲበስል ወይም ሲያድር የሚወጣው መጠን ይጨምራል። ጣዕሙ አይለወጥም፤ ዕቃውን ደጋግሞ ማጠብም መርዙን አያስወግደውም።

የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት እንደማያስከትል የሚታወቅ የሊድ መጠን የለም ይላል። ሕፃናት ከአዋቂዎች በብዙ እጥፍ ይበልጥ ወደ ሰውነታቸው ያስገቡታል፤ የአእምሮ እድገታቸውንም ይጎዳል። በእናት አጥንት ውስጥ የተከማቸው ደግሞ በእርግዝና ወቅት ወደ ፅንሱ ይደርሳል። ከሚያብረቀርቅ ዕቃ ይልቅ የአገር ቤቱን ጥቁር ጀበና የሚጠራጠሩ ሰዎች አይጠፉም፤ ጀበናው ግን ይህ ቅብ ጭራሽ የለውም።

የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ለማብሰያ ዕቃ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሊድ የመጨረሻ ወሰን ነው ይላል፤ ዕቃው የሚፈተነው 4 በመቶ አሴቲክ አሲድ ለ24 ሰዓት ተሞልቶበት ነው። ከሁሉ ብልህ የሆነው ግን በአሜሪካ ሕግ ከተፈቀዱት መንገዶች አንዱ ነው። ለምግብ የማይሆን የሸክላ ዕቃ ከስሩ የማይለቅ ጽሑፍ ይታተምበታል፤ ወይም ምግብ የሚያርፍበት ገጽ ይበሳል። የተበሳ ሳህን ወጥ አይይዝም፤ ማንበብም አያስፈልገውም።

ይህ ለአካባቢው ትልቅ ትርጉም አለው። በብዙ ቤት ምግብ የምታበስለውና ማዕድ የምታቀርበው ዓረብኛም እንግሊዝኛም የማታነብ ኢትዮጵያዊት ሠራተኛ ናት። ከሳህን ስር በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ለእርሷ እንደሌለ ይቆጠራል። የሸቀጥን ጉድለት እያወቁ ሰውሮ መሸጥ በኢስላማዊ የንግድ ሥርዓት ክልክል ነው፤ ገዢው ሊያነበው በማይችለው ቋንቋ መጻፍም ከመሰወር ብዙ አይርቅም። የደረጃ ቁጥጥር መሥሪያ ቤቶች ለጌጥ የሚገቡ የሸክላ ዕቃዎች ተበስተው እንዲሸጡ አስመጪዎችን ቢያስገድዱ ወጪው ኢምንት ነው።

እስከዚያው ምንጩ ያልታወቀ ቅብ ዕቃ ለኮምጣጣና ለትኩስ ምግብ መዋል የለበትም፤ ወደ አገር ቤትም በስጦታ ባይላክ ይመረጣል። እንዲህ ባለ ዕቃ ለረጅም ጊዜ ሲመገቡ የቆዩ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ካሉ፣ የሊድ መጠን የሚለካ የደም ምርመራ እንዲታዘዝላቸው ሐኪም መጠየቅ ይገባል።