የውሃ ደረጃ ስንወርድ

ባለፈው ክረምት እንግሊዝ አገር ልጄ ዘንድ ሦስት ሳምንት ሰንብቼ መምጣቴን ነግሬያችሁ ነበር። ያልነገርኳችሁ፣ የ12 ዓመቱ የልጅ ልጄ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን በወጉ አለማዋራቱን ነው። እኔ በአማርኛ እጠይቀዋለሁ፣ እሱ በእንግሊዝኛ ለእናቱ ይመልሳል፣ እናቱ ትተረጉምልኛለች። “እማዬ፣ አማርኛ አይሰማም እኮ፤ አትፍረጂበት” ትለኛለች። እሱ ሲወለድ አራሷን ልጠብቅ ሄጄ ስድስት ወር በጀርባዬ ያዘልኩት ልጅ ነው። ምን እላለሁ? ዝም።

ልመለስ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ አማቼ ጀልባ ተከራየ። ጀልባ ሲለኝ በሐሳቤ የመጣው የጣና ጀልባ ነበር። ስንደርስ የጠበቀን ግን ሌላ ነው፦ ርዝመቱ 18 ሜትር፣ ወርዱ ግን ከሁለት ሜትር እምብዛም የማያልፍ፣ ኮሪደር ውሃ ላይ የተንሳፈፈ የሚመስል ነገር። ውስጡ ምድጃ አለው፣ አልጋ አለው፣ መጸዳጃ ቤት ሳይቀር አለው። አካሄዱ የሰው እርምጃ ነው፤ ሕጉም በሰዓት ከ6 ኪሎ ሜትር ብዙም አያሳልፍም። ለኔ ዕድሜ የተሠራ መጓጓዣ አልኩ።

ቦታው ዲቫይዝስ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። ኬኔት ኤንድ ኤቨን የሚሉት፣ ሰው ቆፍሮ ያበጀው ቦይ በውስጧ ያልፋል። ይህን ቦይ ይዞ ወደ ምዕራብ የቀጠለ ሰው ባዝ ከተማ ይገባል፤ ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቀመጡባት ባዝ ማለት ናት። እዚያ የኖሩበትን ፌርፊልድ ሃውስን በኋላ ለአረጋውያን መኖሪያ እንዲሆን ለከተማዋ ሰጥተውታል። እኛ ግን እንኳን ባዝ ልንደርስ፣ ኬን ሂል የሚባለውን ኮረብታ መውረዱ ራሱ ቀኑን ጨረሰው።

ጀልባ ኮረብታ እንዴት ይወርዳል? በደረጃ። እያንዳንዱ ደረጃ ሎክ ይባላል። ግድግዳው በድንጋይና በጡብ የተሠራ፣ ከላይና ከታች ግዙፍ በሮች ያሉት ገንዳ ነው። ገንዳው ሞልቶ ሳለ ጀልባው ይገባል፣ የኋላው በር ይዘጋል፣ በፊተኛው በር ላይ ያሉት የውሃ መልቀቂያዎች ይከፈታሉ። ውሃው ሲጎድል ጀልባውም አብሮ ይወርዳል። ከታችኛው ውሃ ጋር እኩል ሲሆን በሩ ይከፈትና ወደሚቀጥለው ይኬዳል። ሁሉም በሰው ጉልበት ነው። መልቀቂያውን በብረት ማዞሪያ እያዞሩ ይከፍቱታል፣ በሩን ደግሞ ከበላዩ በወጣው ረጅም ክንድ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ይገፉታል።

እንዲህ ያሉ ሎኮች በ3 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 29 ናቸው፤ በጠቅላላው 72 ሜትር ያወርዳሉ። 16ቱ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ተደርድረው ከላይ ሲያዩዋቸው ያስደነግጣሉ። ጆን ሬኒ የተባለው መሐንዲስ የነደፈው ይህ ሥራ ያለቀው በ1810 ነው። ኋላ ባቡር መጣና ጭነቱን ወሰደበት፤ ቦዩ ፈራርሶ፣ በሮቹ በስብሰው ቀሩ። በጎ ፈቃደኞች ለዓመታት ጭቃውን ሲዝቁ ኖረው በ1990 ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግም መረቁት። ዛሬም በሎኮቹ ዳር ቆመው መንገደኛውን የሚረዱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ብዙዎቹ በኔ ዕድሜ ያሉ።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀመርን። አማቼ መሪውን ያዘ፣ ማዞሪያውን ለልጁ ሰጠው። ቤት ውስጥ ስልኩን ካላስቀመጥክ ተብሎ በየማታው የሚጨቀጨቀው ልጅ፣ አምስተኛው ሎክ ላይ ስንደርስ ስልኩን የት እንዳኖረው ራሱም የረሳ ይመስለኛል። ሎኮቹ ሁለት ጀልባ ጎን ለጎን ስለሚችሉ ከአንድ ጡረተኛ ባልና ሚስት ጀልባ ጋር ተጣመርን። ሚስትየው አንዱን መልቀቂያ፣ የኔው ልጅ ሌላውን ይከፍታሉ። እኔ በዳር በዳሩ እየሄድኩ እመለከታለሁ።

ጠዋት ጀልባውን ያከራየን ሰው አንድ ነገር አጥብቆ ነግሮናል። በላይኛው በር ሥር፣ ከውሃው በታች የማይታይ የድንጋይ እርከን አለ። ውሃው ሲጎድል የጀልባው ጭራ እዚያ ላይ ከተቀመጠ አፍንጫው ቁልቁል ይሰምጣል። ለዚህ ነው በገንዳው ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር የተቀባው፤ ጭራው ከዚያ ወደ ኋላ እንዳይቀር።

12ኛው ይሁን 13ኛው ላይ፣ አማቼ ከጎረቤት ጀልባው ሰውዬ ጋር ጨዋታ ይዟል። ውሃው እየወረደ ነው። ዓይኔ መስመሩ ላይ አረፈ፤ ጭራው ከመስመሩ ኋላ ነው። ወዲያው ጓ የሚል ድምፅ ሰማሁ። እንግሊዝኛዬ ከየት ይምጣ? “ዝጋው! ማሙሽ፣ ዝጋው! ውሃውን ዝጋው!” ብዬ ጮህኩ።

ልጁ እናቱን ቀና ብሎ አላየም። ማዞሪያውን ሰክቶ ባለ በሌለ ኃይሉ መልሶ አዞረ፤ ሴትየዋም እሱን አይታ የሷን ዘጋች። ውሃው ቆመ። ጀልባው አፍንጫውን ዘንበል አድርጎ ቆሟል፣ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ተንሸራተው ሲሰበሩ ይሰማል። አንድ በጎ ፈቃደኛ ሮጠው መጡና ከላይ ቀስ እያሉ ትንሽ ውሃ ለቀቁ፤ ጭራው ከድንጋዩ ላይ ተነሣ። አማቼ ፊቱ አመድ መስሏል። ማንም ምንም አላለውም፤ ራሱ ለራሱ የሚለው ይበቃዋል።

እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ሰምቶኛል! ለካ ይሰማል። ምናልባት የሚያፍረው መናገሩን ይሆናል፤ የአጎቶቹ ልጆች አንድ ጊዜ እንደሳቁበት ልጄ ያን ዕለት ነው የነገረችኝ። እኔም ብሆን ሲመልስልኝ ሳልጠብቅ ወደ እናቱ ስዞር ነው የከረምኩት።

ልጅ ይዛችሁ እንዲህ ያለ ቦታ የምትሄዱ ካላችሁ፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያውን አታስወልቁ፤ ስትወርዱም ጀልባውን በገመድ አትሰሩት፣ ውሃው ሲሸሽ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በገንዳውና በጀልባው መሀል እጅ መስደድም ክልክል ነው።

ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ የመጨረሻዎቹ ሰባቱ ላይ ደረስን። ልጁ ወደ ተቀመጥኩበት መጣና ማዞሪያውን ዘረጋልኝ። “እማማ፣ ያንተ ተራ” አለኝ። እናቱ “ያንቺ” ልትል አፏን ስትከፍት በዓይኔ መለስኳት። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጠበቅ አድርጌ ታጠቅኩና ተቀበልኩት። ጥቂት አዙሬ ትንፋሼ አለቀ፤ የቀረውን እሱ ጨረሰው።