በሁለት ብር ማን ይከሳል? ግልጽ ደብዳቤ ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር

ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በስልክ በኩል በሸማቾች ላይ ስለሚፈጸም ማጭበርበርና ያልተፈቀደ የአገልግሎት ምዝገባ

ክቡር ሚኒስትር፣

የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ ነው፤ የማነሣው ደግሞ ማንም ክስ ስለማይመሠርትበት ስርቆት ነው። አንዱ መልኩ በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ «ዕቃ አለን» ብሎ ቀብድ ተቀብሎ መጥፋት ነው። ሌላው መልኩ የስልኩ ባለቤት ሳያውቅ ወይም በቅጡ ሳይገባው የአጭር መልእክት አገልግሎት ደንበኛ ተደርጎ፣ ከሞላው ካርድ ላይ በየቀኑ ብር ሲቆረጥበት መክረሙ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የማነሣቸው በአንድ ሒሳብ ስለሚሠሩ ነው፤ ከአንድ ሰው የሚወሰደው ገንዘብ ተበዳዩ አቤት ለማለት ከሚያወጣው ወጪና ከሚያጠፋው ጊዜ እንዲያንስ ተደርጎ ይመጠናል። ሰውየው ይናደዳል፣ ለጓደኛው ያወራል፣ ከዚያ ይተወዋል። አጭበርባሪው የሚኖረው በዚህ መተው ላይ ነው።

ለእርስዎ መሥሪያ ቤት የጻፍኩት ጉዳዩ የእናንተ ስለሆነ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃም ሆነ አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችልም ደንግጓል። ይህን አዋጅ ያስፈጽም የነበረው ባለሥልጣን ፈርሶ ሥልጣኑ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ወደ እናንተ ተዛውሯል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እና የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም አሉ። ሕግ አላጣንም። ያጣነው ሕጉን ይዞ እኛ ዘንድ የሚደርስ ሰው ነው።

ድሬዳዋ ከንግድ ጋር የተወለደች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 እዚህ ሲደርስ ከተማዋ አብራው ተቆረቆረች፤ ከዚያ ወዲህ ገበያ ትምህርት ቤታችን ነው። ታይዋን ገበያ ስልክ የሚገዛ ሰው ሲም ካርዱን አስገብቶ ይደውላል፣ ካሜራውን ይሞክራል፣ ቻርጀሩን ይሰካል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ በመጨረሻ ይከፍላል። ቀፊራ ገበያ ቲማቲም የምትገዛ እናት አንድ በአንድ እያገላበጠች ትመርጣለች። ሻጩም ነገ እዚያው ቦታው ላይ ስለሚገኝ ቢያንስ የሰው ፊት ያፍራል። አይቶ፣ ነክቶ፣ ሞክሮ መክፈል የድሬ ልጅ ያደገበት ልማድ ነው። የስልኩ ገበያ ይህን ገልብጦታል፤ መጀመሪያ ይከፈላል፣ ከዚያ ይጠበቃል፣ ዕቃው ከመጣ ይታያል። ማጭበርበሩ የሚፈጸመው በዚያ የመጠበቂያ ጊዜ ነው።

አሠራሩን በዝርዝር ብነግርዎ ይሻላል። ቻናሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ተከታዮች አሉት፤ የተከታይ ቁጥር በገንዘብ የሚገዛ መሆኑን ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ፎቶዎቹ ከውጭ አገር መሸጫ ገጾች የተለቀሙ ናቸው፤ ቀረብ ብሎ ላያቸው የአንዱ ፎቶ ግድግዳና መደርደሪያ ከሌላው አይገጥምም። ዋጋው ከገበያው እጅግ ይረክሳል። ለምን እንደረከሰ ሲጠየቅ «ከድሬ በቀጥታ ስለሚገባ ነው» ይባላል። ይህ በግሌ ያስቆጨኛል፤ ከተማችን በርካሽ ዕቃ ያገኘችው ስም አዲስ አበባና ባሕር ዳር ያለውን ገዢ ማጥመጃ ሆኗል። አድራሻ ሲጠየቅ «ታይዋን» ይላሉ እንጂ የሱቅ ቁጥር አይሰጡም። አስተያየት መጻፊያው ተዘግቷል። ዕቃውን በቪዲዮ ጥሪ አሳዩኝ ሲባል ኔትወርክ ይጠፋል። ቀብዱ ከገባ በኋላ «ዕቃዎ መናኸሪያ ደርሷል፣ የማጓጓዣ ይጨምሩ» የሚል መልእክት ይመጣል፤ እሱም ከተላከ በኋላ ገዢው ይታገዳል።

ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ የምመክረው አንድ ነገር አለ። ቴሌብርም ሆነ የባንክ መተግበሪያ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያል። የሱቁ ስም ሌላ፣ የተቀባዩ ስም ሌላ ሆኖ ከተገኘ እዚያው ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ነገር ግን ቤቷ ሆና የሐረር ቡና ወይም በእጇ የሠራችውን ልብስ በቴሌግራም የምትሸጥ ሐቀኛ ሴትም ገንዘብ የምትቀበለው በግል ሒሳቧ ነው። ሸማቹ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ እሷን ከሌባው በእርግጠኝነት መለየት አይችልም። ይህን መለየት የሚችለው የንግድ ፈቃድ መዝገብ የያዘው አካል ነው፤ እሱም እናንተ ናችሁ።

የሚጎዳው ገዢው ብቻ እንዳይመስልዎ። ባለ ሱቆቻችንም በሐሰተኛ ደረሰኝ እየተዘረፉ ነው። ገዢ መስሎ የመጣው ሰው የተቀነባበረ የክፍያ ስክሪንሹት ያሳያል ወይም ከባንክ የመጣ የሚመስል መልእክት ይልካል፤ ሻጩ የራሱን ሒሳብ ሳያይ ዕቃውን ያስረክባል። ወረፋ በበዛበት ሰዓት ይህ ቀላል ነው። በድሬ ሙቀት እኩለ ቀን ላይ ደንበኛ ተሰልፎ ሳለ ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶ እንደሆነ ተረጋግቶ የሚያይ ሻጭ ብዙ አይደለም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን መጀመሪያ ላይ ያነሣሁት ሁለተኛው መልክ፣ ያልተፈቀደው የአጭር መልእክት ምዝገባ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ጀመረ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደግሞ ኔትወርኩን ለመጀመሪያ ጊዜ በሙከራ የከፈተው እዚሁ ድሬዳዋ፣ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ነው፤ ብሔራዊ ጅማሬው ከዚያ በኋላ በመስከረም 2015 መጣ። በዚያው ነሐሴ 2014 የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ተመርቆ ተከፈተ። እንግዲህ አዲሱ የስልክ ንግድ በአገራችን ቀድሞ ከደረሰባቸው ከተሞች አንዷ እኛ ነን፤ የሸማች ጥበቃው ግን አብሮ አልመጣም።

የአጭር መልእክት ምዝገባው እንዲህ ነው። አንድ ድርጅት ከኦፕሬተር ጋር ተዋውሎ አጭር ቁጥር ይወስዳል፤ የኳስ ውጤት፣ የጤና ምክር፣ የሥራ ማስታወቂያ ወይም የጥያቄና መልስ ውድድር ይልካል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት በነፃ ናቸው ይባላል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አንድ ወይም ሁለት ብር ከቀሪ ሒሳብ ላይ ይነሣል። ምዝገባው አንድ ፊደል በመላክ ይጠናቀቃል፤ በልጅ እጅ፣ በስህተት ወይም ዕጣ ደርሶኛል ብሎ በማሰብ ሊሆን ይችላል። መውጫው ግን በመልእክቱ ግርጌ ተጽፎ፣ ያውም ለዚያ አጭር ቁጥር ብቻ የሚያገለግል ነው። ሦስት አገልግሎት ላይ የተመዘገበ ሰው ሦስት የተለያየ መውጫ ፈልጎ ማግኘት አለበት።

ጎረቤቴ ቀፊራ አትክልት ትሸጣለች። አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ ትናገራለች፣ ማንበብ ግን አትችልም። ለብዙ ወራት «ካርዱ ዛሬ ዛሬ ቶሎ ያልቃል» ስትል ቆይታለች፤ የአየር ሰዓት የተወደደ መስሏት ነበር። የእህቷ ልጅ ስልኳን ሲከፍት አንድም ቀን ያልተነበቡ፣ በየቀኑ ግን የተከፈለባቸው የእንግሊዝኛ የእግር ኳስ ዜናዎች ተደርድረው አገኘ። ይህች ሴት ፈቃደኝነቷን የሰጠችው መቼ ነው? በየትኛው ቋንቋ? ድሬዳዋ ውስጥ በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በሐረሪ የሚኖር ሕዝብ አለ። ባልተረዳው ቋንቋ «ተስማምተሃል» የተባለ ሰው ሕጉ የሚለውን በቂ መረጃ አላገኘም።

በምሳሌ ላስላው። በቀን 2 ብር በዓመት 730 ብር ነው። ይህ ለአንድ ሰው ክስ አያስመሠርትም። አሥር ሺህ ሰው ላይ ሲሰላ ግን በቀን 20,000፣ በዓመት ከ7 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል። ይህን ያህል ገንዘብ ከአንድ ባንክ ቢጠፋ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና ጋዜጠኛ ሁሉ ይነሣ ነበር። ከአሥር ሺህ ኪስ ሲወጣ ግን የሚነሣ የለም።

ይህ የተማረ ሰው የማይወድቅበት ወጥመድ አይደለም። በአሜሪካ አማዞን ደንበኞቹን በቅጡ ሳያስፈቅድ ወርኃዊ ክፍያ ላይ አስገብቷል፣ መውጫውንም አስቸጋሪ አድርጓል ተብሎ በመንግሥት ተከሶ፣ በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከዚህ ውስጥ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞቹ የሚመለስ ነው። አንድ በአንድ ቢቆጠሩ ብዙዎቹ ተበዳዮች የጠበቃ ብር እንኳ የሚያወጣ ገንዘብ አላጡም። የተሰበሰበላቸው አንድ መሥሪያ ቤት በሁሉም ስም ስለቆመ ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሕንድ ተሞክሮ ነው። የሕንድ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ በ2011ና በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው መመሪያዎች፣ ደንበኛው ለሁለተኛ ጊዜ በግልጽ ካላረጋገጠ በስተቀር ማንኛውም ተጨማሪ አገልግሎት እንዳይከፈትበትና እንዳይቆረጥበት አዘዘ። ለመውጣትም በመላው አገሪቱ፣ በየትኛውም ኦፕሬተር የሚሠራ አንድ ነፃ ቁጥር፣ 155223፣ ተሰጠ። ይህን ለማድረግ አዲስ ቴክኖሎጂ አላስፈለገም። አንድ መሥሪያ ቤት ወስኖ ማዘዙ በቂ ነበር።

የቴሌኮም ተቆጣጣሪው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንደሆነ አውቃለሁ። ሸማቹ ግን አቤቱታው ለማን እንደሚገባ የመለየት ግዴታ የለበትም። አሁን የሚሆነው፣ ቀብድ የተበላ ሰው ፖሊስ ጋ ሲሄድ ወደ ባንክ፣ ባንክ ሲሄድ ወደ ፖሊስ፣ ካርዱ የተቆረጠበት ሰው ደግሞ ወደ ጥሪ ማዕከል መላኩ ነው። ለ800 ብር ሲል የግማሽ ቀን ሥራውን ትቶ፣ ባጃጅ ከፍሎ ከሳቢያን ወደ ከዚራ የሚመላለስ ሰው በሦስተኛው ቢሮ ላይ ተስፋ ይቆርጣል።

ስለዚህ የምጠይቅዎ ይህን ነው። ከድሬዳዋ አስተዳደር ጋር ሆናችሁ በዚህች ከተማ አንድ መስኮት ክፈቱ፤ በስልክም፣ በመልእክትም፣ በአካልም፣ በአራቱም ቋንቋ አቤቱታ የሚቀበል ይሁን። የገንዘቡ ማነስ አቤቱታውን ውድቅ አያድርገው። መስኮቱ የእያንዳንዱን አቤቱታ ሒሳብ ቁጥር፣ የቻናል ስምና አጭር ቁጥር ይመዝግብ፤ ተመሳሳዩ ቁጥር በተለያዩ ሰዎች አቤቱታ ላይ ደጋግሞ ሲመጣ ተበዳዮቹ ከሳሽ እስኪሆኑ ሳይጠብቅ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ይነሣ። ገንዘቡ በአየር ላይ አይጠፋም፤ በስም የተመዘገበ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ለአንዲት ገዢ የማይታየው ባለ ሒሳብ ለእናንተ፣ ለባንኩና ለፖሊስ ይታያል።

በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሸጥ ነጋዴም የፈቃድ ቁጥሩን ገጹ ላይ እንዲያወጣ፣ ሸማቹም ያንን ቁጥር በስልኩ ወዲያው ማረጋገጥ እንዲችል አድርጉ። ለቤት ውስጥ ትንንሽ ሻጮች ያለ ውጣ ውረድ የሚገኝ ቀላል ምዝገባ ይኑር፤ አለዚያ መመሪያው ሐቀኞቹን አባሮ ሌቦቹን ያስቀራል። ከኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ጋር ተቀምጣችሁም ሁለተኛ ማረጋገጫ የሌለበት ምዝገባ እንዳይከፈልበት፣ ከሁሉም አገልግሎት በአንድ ጊዜ የሚያስወጣ አንድ ነፃ ቁጥር እንዲኖር፣ ያለ ፈቃድ የተቆረጠውም ገንዘብ ሰው ሳይጠይቅ ወደየስልኩ እንዲመለስ አድርጉ።

ሙከራው ከድሬዳዋ ቢጀመር ደስ ይለኛል። መልስዎን በደብዳቤም፣ በመገናኛ ብዙኃንም ቢሰጡ እንከታተላለን። የመስኮቱን አድራሻና ስልክ ቁጥር የላካችሁልን ዕለት እኔና ጎረቤቶቼ አባዝተን በቀፊራ፣ በታይዋን፣ በአሸዋና በመናኸሪያው እንለጥፈዋለን፤ ማንበብ ለማይችሉትም በየደጃቸው ሄደን እንነግራቸዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድሬዳዋ ነዋሪና ሸማች