«ስንት ያስገኛል?» የማይባል ነገር ይኑራችሁ

በዚህ ዘመን አንድ ወጣት በትርፍ ጊዜው የሚሠራውን ነገር ሲናገር ተከትሎ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት ያስገኛል?» ፎቶ ታነሳለህ? ታዲያ ለምን ሰርግ አትሠራም? ኬክ ትጋግሪያለሽ? ለምን ትዕዛዝ አትቀበይም? ጊታር ትሞክራለህ? ለምን ቲክቶክ ላይ አትለቀውም? የሚጠይቀው ሰው ክፉ አይደለም፤ የኑሮ ውድነቱ ያስተማረው ጥያቄ ነው። ቢሆንም ጥያቄው አንድ ነገር እየወሰደብን ነው። ዛሬ ስለዚያ ነገር ላውራ።

እኔ የእሽቅድምድም መኪና ሞዴል እሠራለሁ። እውነተኛውን የውድድር መኪና በ20 ወይም በ24 እጥፍ አሳንሶ፣ ክፍል በክፍል ገጣጥሞና ቀብቶ ጠረጴዛ ላይ ማቆም ማለት ነው። አይነዳም፣ አይከራይም፣ አልሸጠውም። ኢኮኖሚክስ መማሬን የሚያውቁ ሰዎች ይሄን ሲሰሙ የባሰ ይገርማቸዋል። «አንተ እንኳ ሒሳቡን ታውቀዋለህ!» ይሉኛል። አንዷ አክስቴ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ባየችኝ ቁጥር «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» የሚለውን ተረት ትተርትብኛለች። እኔ ግን ሒሳቡን ስለማውቅ ነው የምሠራው።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ሳጥኑን ስትከፍቱ የምታገኙት መኪና አይደለም። በፕላስቲክ ክፈፍ ላይ እንደ ፍሬ የተንጠለጠሉ ብዙ ጥቃቅን ክፍሎች፣ አራት ጎማ፣ ውኃ ውስጥ ተነክረው የሚለጠፉ የስፖንሰር ምልክቶችና የአሠራር መመሪያ ነው። እያንዳንዱን ክፍል ከክፈፉ ቆርጣችሁ ታወጣላችሁ፤ የተቆረጠበትን ጠባሳ በብርጭቆ ወረቀት ታጠፋላችሁ፤ ትቀባላችሁ፤ ታጣብቃላችሁ። ልኬቱ በክፍልፋይ ይነገራል። 1/24 ማለት በእውነተኛው መኪና ላይ 24 ሴንቲ ሜትር የሆነው ነገር እናንተ ጠረጴዛ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ነው ማለት ነው። 5 ሜትር ተኩል ገደማ የሚረዝም የቅርብ ዓመታት የፎርሙላ 1 መኪና በ1/20 ሲሠራ 27 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ከኤ4 ወረቀት ቁመት በትንሹ ያጥራል።

ሰፈራችሁ ባለ ጋራዥ የተጋጨ መኪና ሲጠገን ቆማችሁ አይታችሁ ከሆነ ሥራውን በግማሽ ታውቁታላችሁ። ስቱኮ ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ መነሻ ቀለም ይረጫል፣ እንደገና ይታሻል፣ ከዚያ ዋናው ቀለም ይመጣል። በትንሹም መኪና ቅደም ተከተሉ ይሄው ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ ጉድለት የሚደበቅበት ቦታ የለም። በእውነተኛ መኪና ላይ የማይታይ አንድ የአቧራ ቅንጣት በ1/24 ላይ ጠጠር ይመስላል። ቀለሙ ከወፈረ በበሩና በኮፈኑ ዙሪያ ያለው ስስ መስመር ይደፈንና መኪናው ያለቀ ሳሙና ይመስላል። ቀለም ደግሞ ካልደረቀ አልደረቀም። ቪዲዮ አይደለም፤ በ1.5 ፍጥነት አታሳልፉትም። ነገ ካለ ነገ ነው። ስልኬ ቀኑን ሙሉ ከሚያለማምደኝ ነገር ተቃራኒውን የሚያለማምደኝ እቤቴ ያለ ብቸኛ ዕቃ ይሄ ነው።

ይሄን ሥራ እንደ ቀልድ የማያዩት ሰዎች አሉ። የጃፓኑ ታሚያ በ1946 (እ.ኤ.አ.) በሺዙኦካ የተጀመረው በእንጨት ንግድ ነበር። በ1967 የሆንዳን አር ኤ 273 የፎርሙላ 1 መኪና በ1/12 ልኬት አወጣ። ቆይቶ ፖርሸ 934ን በ1/12 ለመሥራት ሲነሱ፣ የመሥራቹ ልጅ ሹንሳኩ ታሚያ ያደረጉትን ስሙ። ፎቶና ንድፍ አልበቃ ቢላቸው እውነተኛ ፖርሸ 911 ገዙ፤ ከዚያም ለመለካት ብለው መኪናውን ፈታቱት። ሞዴሉ በ1976 ወጣ። ሌላው ሰው ፖርሸ የሚገዛው ሊነዳው ነው፤ እሳቸው የገዙት ሊያሳንሱት ነው። ሹንሳኩ ታሚያ በ2025 በ90 ዓመታቸው ሲያርፉ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሞዴል ሠሪዎች አዝነውላቸዋል።

በእነዚህ የታሚያ ሳጥኖች ካደጉ ልጆች አንዱ እንግሊዛዊው አድሪያን ኒዊ ነው። በልጅነቱ የ1/12 ሞዴሎችን ሲሠራ የመኪና ክፍሎችን ስም ተማረ፤ እኛ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ የሚሉትን የጣሊያን ቃላት ከጋራዥ እንደለቀምነው ማለት ነው። ኋላ በሳጥን የመጣው አልበቃው ሲል የራሱን መኪና እየነደፈ ከአሉሚኒየምና ከፋይበርግላስ ሞዴል መሥራት ጀመረ። ያ ልጅ ዛሬ በፎርሙላ 1 ታሪክ ከታላላቆቹ ንድፍ አውጪዎች አንዱ ነው። ሚካ ሃኪነን በማክላረን፣ ሰባስቲያን ቬትልና ማክስ ቨርስታፐን በሬድ ቡል ሻምፒዮን በሆኑባቸው መኪኖች ላይ የእሱ እጅ አለ። ሁሉ ነገር በኮምፒውተር በሚሠራበት ዘመን እሱ በእርሳስና በንድፍ ሰሌዳ መሥራቱን አልተወም። ፎርሙላ 1 ራሱም ከሞዴል አልተላቀቀም። ቡድኖቹ የመኪናቸውን ቅርጽ ነፋስ በሚነፍስበት ዋሻ ውስጥ የሚፈትሹት በተቀነሰ ሞዴል ነው፤ ደንቡም ከ60 በመቶ በላይ ልኬት አይፈቅድም።

እዚህ ላይ አነቃቂ ተናጋሪዎቻችን ምን እንደሚሉ ታውቃላችሁ። «አያችሁ? ትርፍ ጊዜያችሁን ወደ ሚሊዮን ቀይሩት!» እኔ ደግሞ፣ ኒዊን አይታችሁ ሞዴል መኪና አትጀምሩ እላለሁ። ያንኑ ሳጥን ከከፈቱት ልጆች እጅግ የሚበዙት የሒሳብ ሠራተኛ፣ ሾፌር፣ መምህር ወይም ነርስ ሆነዋል። ሻምፒዮን የሆነ መኪና አልነደፉም። ግን ከመካከላቸው 60 ዓመት አልፏቸውም ማታ ማታ መነጽራቸውን አጥልቀው ያንኑ ሥራ የሚሠሩ አሉ። የኒዊ ታሪክ እነዚህን ሰዎች ከሳሪ ካስመሰላቸው፣ የተበላሸው መለኪያችን ነው።

ክፍል ውስጥ ከተማርኩት ልጥቀስ። ኢኮኖሚክስ ኢንቨስትመንትንና ፍጆታን ይለያል። ዛሬ ኢንቨስት የምናደርገው ነገ የበለጠ እንድንጠቀም ነው፤ መድረሻው ያ መጠቀሙ ነው። የእኛ ትውልድ ግን ሁሉን ነገር ኢንቨስትመንት አድርጎታል። እንቅልፍ ለምርታማነት፣ ስፖርት ለምርታማነት፣ ጓደኝነት ለኔትወርክ። ታዲያ የምንደርሰው መቼ ነው? ጆን ሜይናርድ ኬይንስ በ1930 በጻፉት አንድ ድርሰት፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ሰው በሳምንት 15 ሰዓት ብቻ ሠርቶ መኖር እንደሚችል ገምተው ነበር። ያኔ ዋናው ችግር ሰው በተረፈው ጊዜ ምን እንደሚያደርግ አለማወቁ ይሆናል ብለው ሰጉ። መቶ ዓመቱ ሊሞላ ነው። 15 ሰዓቱ አልመጣም፤ ስጋታቸው ግን ቀድሞ ደርሷል። አንዲት ሰዓት ስትተርፈን ስክሪን ላይ በአውራ ጣታችን እየገፋን እንጨርሳታለን።

አማርኛችን ይሄን ነገር ከኢኮኖሚስቶቹ ቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል። «ትርፍ ጊዜ» እንላለን። ትርፍ ማለት ነጋዴ ወጪውን ሁሉ ቀንሶ የሚቀርለት ነው። እንግዲህ ጊዜው ራሱ ትርፍ ከሆነ፣ ከትርፉ ላይ ደግሞ ሌላ ትርፍ ካላወጣሁ ብሎ መጨነቅ ምን ይባላል? በአገር የምርት ስሌት ውስጥ ሞዴሉ የተሸጠበት ገንዘብ ይቆጠራል፤ እኔ የሠራሁበት 40 ሰዓት አይቆጠርም። ለስሌቱ ያ 40 ሰዓት ኖሮም አያውቅም። ለእኔ ግን በወሩ ውስጥ ማንም ያላዘዘኝ፣ ማንም ላይክ ያላደረገው፣ ሙሉ በሙሉ የራሴ የነበረ ጊዜ እሱ ብቻ ነው።

«ይሄ የጠገበ ሰው ወሬ ነው» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ተቃውሞ ነው። ከውጭ የሚመጣ ሞዴል በብር ሲመነዘር ውድ ነው፤ እዚህ ሱቅ ገብታችሁም እንደ ልብ አታገኙትም። የእኔ የመጀመሪያው ከዋሽንግተን የመጣ የአጎቴ ልጅ ሻንጣ ውስጥ ነው የደረሰኝ። ግን መኪና አሳንሶ መሥራትን ከውጭ ነው እንዴ የተማርነው? ሽቦ ጠምዝዞ፣ የዘይት ቆርቆሮ ቆርጦ፣ ቆርኪውን ጎማ አድርጎ መኪና የሚሠራ ልጅ በየሰፈሩ ነበር። ያ ልጅ ጠግቦ አልነበረም። መሪው ሲዞር ጎማው አብሮ እንዲዞር ሽቦውን የቱ ጋ ማጠፍ እንዳለበት ሲያሰላ፣ የሚሠራው ሥራ ከኒዊ ሥራ በዓይነቱ አይለይም። ከዚያ ልጁ 13 ዓመት ገደማ ሲሆነው «አንተ ትልቅ ሰው አይደለህም እንዴ?» ይባላል፤ ሽቦውም ይጣላል። ሽቦው ያኔም ነፃ ነበር። ያስጣለው ሐፍረት ነው።

ስለዚህ ሳጥን ካጣችሁ ካርቶን አለ። የጫማ ካርቶን፣ ማስመሪያ፣ ከተርና ሱፐር ግሉ ይበቃል። የመኪናውን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ከኢንተርኔት ትወስዳላችሁ፤ ለ24 ታካፍላላችሁ፤ ትስላላችሁ፤ ትቆርጣላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፎርሙላ 1 አትምረጡ፤ ክንፉ ብዙ ነው። የራሊ መኪና ይቀላል፤ 4 ሜትር የሚረዝመው በ1/24 ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ለቀለም የጥፍር ቀለም አሪፍ ነው፤ ውጭ አገር ያሉ ልምድ ያላቸው ሞዴል ሠሪዎችም ይጠቀሙበታል። ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ መስኮት ክፈቱ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ የጀመራችሁትን ጨርሱ። ማይክል ኖርተን የተባሉ ተመራማሪና ሁለት ባልደረቦቻቸው በ2012 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች የኢኬያ ሳጥን እንዲገጣጥሙና ወረቀት አጥፈው ቅርጽ እንዲሠሩ አድርገው ነበር። ሰዎቹ በገዛ እጃቸው የሠሩትን፣ የተንጋደደም ቢሆን፣ ባለሙያ ከሠራው ጋር በተቀራረበ ዋጋ ገመቱት። ሳይጨርሱት ሲቀሩ ወይም መልሰው ሲያፈርሱት ግን ያ ዋጋ ጠፋ። የእኛ ዕድሜ ደግሞ ባላለቀ ነገር የተሞላ ነው። ያላለቀ የኦንላይን ኮርስ፣ መልስ ያልመጣለት የሥራ ማመልከቻ፣ ያልተከፈተ ቢዝነስ። አብዛኛው ማለቅ አለማለቁ በእኛ እጅ አይደለም። የትንሿ መኪና ግን በእጃችን ነው። ከተመረቅሁ በኋላ ስምንት ወር ሥራ ፈልጌያለሁ። በዚያ ጊዜ ማክሰኞ ማታ መሪውን እገጥማለሁ፤ ሐሙስ ማታ ቸርኬውን ብርማ ቀለም እቀባለሁ። ሥራ አላስገኘልኝም። «ዛሬ ምን ሠራህ?» ስባል ግን መልስ ነበረኝ፤ እንደዚያ ዓይነት ወራት ያሳለፈ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ያውቃል።

ይሄን ሥራ እስከ እርጅና ልቀጥልበት አስቤያለሁ። ዓይኔ ሲደክም ከ1/24 ወደ 1/12 እሸጋገራለሁ፤ ትልቁ ልኬት ለሽማግሌ የተፈጠረ ይመስለኛል። እናንተም «ስንት ያስገኛል?» የሚላችሁ ሰው ሲመጣ አትከራከሩት። ከተርና ካርቶን አቀብሉትና አጠገባችሁ አስቀምጡት። ምናልባት እሱም በ13 ዓመቱ የጣለው ሽቦ ይኖረው ይሆናል።