ስለ ዓይን ሕመምና ስለ ቻይና የሥር መድኃኒት

በቤት ውስጥ አንዱ ልጅ ዓይኑ ቀልቶ፥ አይናርም ይዞት ያደረ እንደ ሆነ፥ ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀውን መድኃኒት ይዞ ይመጣል። መድኃኒቱም ጥንታዊና ከሩቅ አገር የመጣ ነው የተባለ እንደ ሆነ ልባችን ቶሎ ያምናል። ስለዚህ ዛሬ የቻይና ባለመድኃኒቶች ለዓይን ሕመም የሚሰጡትን ሥርና አበባ፥ ምስክሩም ምን ያህል የጸና እንደ ሆነ እንመርምር። ዓመቶቹን የምንቈጥረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የቻይና ጥንታውያን ሐኪሞች ጉበት በዓይን በኩል ወደ ውጭ ይከፈታል ብለው ያስተምራሉ፤ የዓይን መቅላትም ከጉበት እሳት ወይም ከነፋስ የመጣ ነው ይላሉ። ስለ ዓይን ብቻ የተጻፈውንም አንዱን መጽሐፋቸውን «ዪንሃይ ጂንግዌይ» ብለው ሰይመውታል፤ «ዪንሃይ» ማለት የብር ባሕር ማለት ነው፥ ይኸውም ዓይን ነው። እሳቱን ያበርዳሉ ተብለው ከሚሰጡት ውስጥ ጁ ኋ የሚባለው የክሪሳንተመም አበባና ሁዋንግ ልየን የሚባለው ብጫና መራራ ሥር እጅግ የታወቁ ናቸው።

ከሁለቱ የተሻለ ምስክር ያለው ሥሩ ነው። በውስጡ ቤርቤሪን የሚባል ነገር ይገኛል፤ ይህም በመመርመሪያ ቤት ብዙ ተሐዋስያንን እንዳይራቡ ሲከለክል ታይቷል። በ1982 የህንድ ሐኪሞች ከመቶ 0.2 እጅ ቤርቤሪን ያለበትን ጠብታ ማዝ ለያዛቸው ሰዎች ሰጥተው ከሌላ መድኃኒት ጋራ አስተያዩት፤ ብዙዎቹም ተሻላቸው። ነገር ግን የተመረመሩት ሰዎች ጥቂቶች ነበሩ፤ ጠብታውም በልክ ተመጥኖ የተሠራ እንጂ በቤት የተቀቀለ ሥር አልነበረም።

ደግሞም ቫይረስ ከሚባለው ረቂቅ ተሐዋስ የሚመጣው የዓይን መቅላት አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይድናል። አበባውን የጠጣውም ያልጠጣውም ይድናል፤ ምስጋናውን ግን አበባው ይወስዳል። ዳኛ የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ እንዳይፈርድ፥ ለመድኃኒትም ሊፈረድለት የሚገባው የወሰዱትና ያልወሰዱት ጎን ለጎን ሲመዘኑ ነው።

ከምድር የበቀለ ሁሉ አይጎዳም ማለትም ስሕተት ነው። ሎንግዳን ሺዬጋን የሚባለው ክኒን የዓይን መቅላትን ጭምር ያድናል ተብሎ የሚታዘዝ ነው። ቀድሞ ጓን ሙ ቶንግ የሚባል ሐረግ ይገባበት ነበር፤ በሐረጉም ውስጥ አሪስቶሎኪክ አሲድ የሚባል መርዝ ስላለ የብዙ ሰዎችን ኵላሊት አጠፋ። የቻይና መንግሥት በ2003 ሐረጉን ከመድኃኒት መዝገብ አወጣው። ዓይኑን ሊያድን የዋጠ ሰው ኵላሊቱን አጣ።

በዚያው አገር ግን ሌላ ታሪክ አለ። ታንግ ፌይፋን የሚባለው ሊቅ በ1955 በቤይጂንግ የማዝን ተሐዋስ በዕንቍላል ውስጥ አሳደገ፤ ኋላም በገዛ ዓይኑ ላይ አግብቶ የበሽታው ምክንያት እርሱ መሆኑን አስረዳ። ዛሬ ማዝ በቻይና የሕዝብ ጠንቅ መሆኑ ቀርቷል። በእኛ አገር ግን ገና ብዙ ዓይን ያጠፋል፤ የሚገታውም አዚትሮማይሲን በሚባለው መድኃኒት፥ ፊትን በመታጠብና አካባቢን በማጽዳት ነው።

እንግዲህ የቤት እመቤትና የቤት ጌታ ይህን ያስተውሉ። የአበባውን ሻይ የሚወድ ይጠጣ፤ በቤት የተቀቀለ ቅጠልና ሥር ግን ከተሐዋስያን የጠራ ስላልሆነ በዓይን ውስጥ አይጨመር። የታመመው ሰው ፎጣ ለብቻው ይሁን፤ እጅም ደጋግሞ ይታጠብ። ዓይን ቢቈረጥም፥ ብርሃን ማየት ቢያስቸግር፥ ወይም ማየት ቢደክም፥ ይልቁንም አዲስ የተወለደ ሕፃን ዓይኑ መግል ቢይዝ፥ ለነገ ሳይባል በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ። የጠፋን ዓይን ሥርም አበባም አይመልሰውምና።