ሃርድ ቶፑንና ባለቤቱን ማን ይሰማል?

መኪና ሠሪዎች ታማኝ ደንበኞቻቸውን ይሰማሉ ወይ የሚለው ክርክር በሌላው ዓለም የሚጋጋለው በስፖርት መኪኖች ዙሪያ ነው። ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣውን 911 ጂቲ3 በአውቶማቲክ ካምቢዮ ብቻ በመሸጡ፣ ማርሽ በእጃቸው መቀየር የሚወዱ ባለቤቶች ክፉኛ ቅር ተሰኙ፤ ኩባንያውም በ2017 የእጅ ካምቢዮውን መለሰላቸው። በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ይህን የሚያህል ፍቅር ያገኘው የቶዮታው ላንድክሩዘር ሃርድ ቶፕ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን በእርሱ መመዘን ይሻላል።

«ቶዮታ ይሰማል» የሚሉት ወገኖች ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። ሃርድ ቶፑ የሚመደብበት፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው የሰባ ቤተሰብ ላንድክሩዘር ዛሬም ይመረታል። ቱርቦ የሌለው ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ለአፍሪካ ገበያ ሲቀርብ ቆይቷል። ይህ ለቆላው ሰው ተራ ነገር አይደለም። ክረምት ሲገባ ከገንዳ ውሃ ወደ ቋራ የሚወስደው ዋልካ መንገድ ጎማ ይውጣል፤ በጋው ደግሞ ሞተር ያግላል። እንዲህ ባለ አገር ኮምፒውተር ሳይፈልግ በመፍቻ የሚከፈት ሞተር ታማሚን ሆስፒታል ሊያደርስ፣ የሰሊጥ ሠራተኛን ከእርሻው ሊያወጣ ይችላል። ኩባንያው ይህን ባይረዳ ኖሮ ሞተሩን ቀደም ብሎ በተወው ነበር ማለት ያስኬዳል።

ሌላው ወገንም ቢሆን በቀላሉ የሚረታ አይደለም። አዲሱን ሃርድ ቶፕ በብዛት ሲገዙ የኖሩት መንግሥት፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና የረድኤት ተቋማት ናቸው። የቆላው ባለንብረት ግን ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ባለቤት ነው፤ ከጨረታ ወይም ከሌላ ሰው ስለሚገዛ ገንዘቡ ወደ ፋብሪካው አይደርስም። ታዲያ ፋብሪካው የሰማው ማንን ነው? አሮጌው ሞተር መቆየቱም በሌላ ዓይን ሲታይ ቸልታ ሊመስል ይችላል፤ ናፍጣ ይበላል፣ ጭሱም የአውሮፓን ደንብ አያሟላም። ይህን ሙግት ለመጣል እቸገራለሁ። ሆኖም አዲሶቹ ሞተሮች ድኝ ያነሰበት ናፍጣና የኤሌክትሮኒክስ መመርመሪያ ይፈልጋሉ፤ እነዚህ በሌሉበት ቦታ ዘመናዊነት ራሱ መኪናውን መንገድ ላይ ሊያስቀር ይችላል።

ጉዳዩ ግን በኩባንያው ብቻ አይወሰንም፤ የመንግሥት ውሳኔም አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ላሰበ ሰው እርምጃው ምክንያታዊ ነው። ቻርጅ ማድረጊያ ባልተስፋፋበት ጠረፍ የሚኖር ሰው ቢሰጋም አይፈረድበትም።

እኔ የማደላው ወደዚህ ነው፤ ኩባንያው የቆላውን መንገድ አውቆታል፣ በዚያ መንገድ የሚነዳውን ሰው ግን ገና አላነጋገረውም። ጉድለቱም በአንድ ወገን ብቻ አይመስለኝም። አስመጪዎች ከሰሊጥ አጨዳ በፊት፣ መስከረም ላይ፣ ወደ ገንዳ ውሃና መተማ ዮሐንስ ጋራዦች ባለሙያ ቢልኩና የትኛው ዕቃ ቀድሞ እንደሚሰበር ከመካኒኮቹ ጠይቀው ቢመዘግቡ፣ ፋብሪካው ከጨረታ በኋላ ያለውን የመኪናውን ዕድሜ ማየት ይጀምራል። መኪናው በማን እጅ እንዳለ ሳይለይ ትክክለኛ መለዋወጫ በጎንደር ማስቀመጥም ይቻላል። ባለንብረቶች በበኩላቸው «ምንም አትንኩብን» ከማለት ይልቅ ምን እንዲሻሻል እንደሚሹ ለይተው ቢናገሩ ይጠቅማቸዋል፤ በመፍቻ የሚከፈት ሆኖ ናፍጣ የሚቆጥብ ሞተርና የተሳፋሪን ሕይወት የሚጠብቅ ቀበቶ የሃርድ ቶፑን ጥንካሬ የሚነኩ አይደሉም።