በሣጥን ያለ ሰንጢ

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ሰው የሚወደውን ዕቃ ምን ሊያደርገው ይገባል? በሥራ ላይ አውሎ ይጨርሰው፣ ወይስ በሣጥን ቈልፎ ይጠብቀው? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። እኔ ግን በአንድ ሰንጢ ምክንያት ከእኅቴ ልጅ ጋራ ብዙ ቀን ተከራክሬበታለሁ። ነገሩም ከሰንጢ የሚያልፍ መስሎ ስለ ታየኝ ክርክሬን ለእናንተ አቀርባለሁ።

ሰንጢው የተሰጠኝ በ1964 ዓ.ም. በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍልን ስጨርስ ነው። የእንጨት ሥራ ያስተምረን የነበረ አንድ ፈረንጅ ከኪሱ አውጥቶ በእጄ አኖረልኝ። ዐይነቱ ኦፒኔል የሚባለው ነው፤ ይኸውም ጆዜፍ ኦፒኔል የተባለ የብረት ሠራተኛ ልጅ በ1890 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር በሳቯ ተራሮች መሥራት የጀመረው ሰንጢ ነው። መያዣው እንጨት ነው፤ ስለቱ ታጥፎ በእንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ በስለቱም ላይ አክሊል ያለበት የእጅ ምልክት አለ። ዋጋው ርካሽ ስለ ነበረ የገበሬና የእረኛ ኪስ ዕቃ ሆኖ ኖረ። የእኔው ብረት የማይዝግ ከሚባለው ወገን አይደለም፤ ሲስሉት ቶሎ የሚሰላ፣ ካልጠረጉት ግን የሚዝግ ነው።

እኔም ስጦታውን ያከበርሁ መስሎኝ በቆዳ ከረጢት ከትቼ በሣጥን ቈለፍሁበት። አስተማሪ ሆኜ ከገጠር ወደ ገጠር ስዛወር ሣጥኑ ተከተለኝ። እንግዳ ሲመጣ ሰንጢውን አሳይ ነበር፤ አንዲት ሎሚ ግን ቈርጬበት አላውቅም።

በ2003 ዓ.ም. ክረምት፣ እዚሁ ይፋግ፣ የጎረቤቴ በሬ በካስማ እንደ ታሰረ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ገባና የናይለን ገመዱ አንገቱን አነቀው። በሬው ክብደቱን ስለ ጣለበት ቋጠሮው አልፈታ አለ። ጎረቤቴም፦ «መምህር! ያችን ሰንጢ ቶሎ ይድረሱልኝ!» ብሎ ጮኸ። ሮጬ ቤት ገባሁ፤ የሣጥኑን ቍልፍ ፈለግሁ፤ ከልብስ ሥር ከረጢቱን ጐትቼ አወጣሁ። ደርሼ ልከፍተው ብል ስለቱ አልወጣ አለ። እንጨቱ የክረምቱን እርጥበት ጠጥቶ አብጦ ብረቱን ነክሶ ይዞታል። ጥፍሬ እስኪሰበር ታግዬ ሳወጣው ደግሞ ቆዳው ያቈረው እርጥበት ስለቱን በዝገት በልቶት አገኘሁት። ገመዱ በመከራ ሲበጠስ በሬው ሞቶ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ጎረቤቴ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ነገር ግን በዚያ ዓመት ባንድ በሬ ቀርቶ መቀናጆ ፍለጋ ሰው ደጅ ሲጠና፣ ወቅቱም ሲያልፍበት በዐይኔ አየሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰንጢውን ልጠርገውና ልስለው ብዬ ስነሣ፣ በአዲስ አበባ የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ሰማና፦ «ጋሼ፣ እባክዎን አይንኩት! የድሮ ሰንጢ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፤ ከተሳለ ዋጋው ይወርዳል። ደግሞስ የአስተማሪዎ መታሰቢያ አይደለም?» አለኝ። ልጁ አስተዋይ ነው፤ ነገሩም በሁለት ምክንያት የቆመ ስለ ሆነ ለሁለቱም መልስ ይገባዋል።

መጀመሪያ ስለ ዋጋው። ይፋግ በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ ጎንደር በሚወስደው የነጋዴ መንገድ ላይ የታወቀ ገበያ ነበረች። በዚያ ዘመን መገበያያ ከነበሩት አንዱ ከአፋር በረሃ ተቈርጦ የሚመጣው አሞሌ ጨው ነው። አሞሌ ገንዘብ ነበር፤ ሆኖም ባለቤቱ በቸገረው ቀን ፈርክሶ ወጡን ያጣፍጥበታል። ዝም ብሎ ያከማቸው እንደ ሆነ ግን እርጥበት ያቀልጥበታል። እንግዲህ ለአባቶቻችን ገንዘቡ እንኳ የሚበላ ነገር ነበር፤ እኛ ዛሬ የሚቈርጠውን ዕቃ እንዳይቈርጥ ከልክለን ገንዘብ እናደርገዋለን። የሚገዛኝ ሰብሳቢም አይቈርጥበትም፤ አትርፎ ለሌላ ይሸጠዋል፤ ያም አይቈርጥበትም። ሰንጢው ከሣጥን ወደ ሣጥን ሲዞር ይኖራል፤ ገመድ ያነቀው በሬ ግን የትም አለ።

ሁለተኛው ስለ መታሰቢያው ነው፤ ይህ ከፊተኛው ይከብዳል። በጣና ደሴት ባለው በክብራን ገብርኤል በ15ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ ሥዕል ያለበት የአራቱ ወንጌል መጽሐፍ አለ። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ሊጠበቅ ይገባዋል፤ ሁለተኛ የለውምና፤ የአንድ ሰው ሳይሆን የሁላችን ነውና። ነገር ግን አስቡት፤ የብራና መጽሐፍ ሲሠራ ቆዳው ተወጥሮ በስለት ይፋቃል፤ ጸሐፊው የሚጽፍበት መቃም ሲደንዝ በስለት ይቀረጻል። ያ ስለት የት አለ? በመሳል ብዛት አልቋል። ጸሐፊው ካራዬ እንዳያልቅብኝ ብሎ ቢያስቀምጠው ኖሮ ካራው ይተርፍልን ነበር፤ መጽሐፉ ግን አይኖርም ነበር። እኔ የምለው ሁሉም ይለቅ አይደለም። የሚጠበቀውንና የሚሠራበትን እንለይ ነው።

የአስተማሪዬም ነገር እንዲሁ ነው። እርሱ የደነዘ ስለት ከእንጨቱ ይልቅ እጅን ይቈርጣል፤ ኀይል ጨምረህ ስትገፋው ያመልጥሃልና፤ እያለ ያስተምረን ነበር። ያን ሰው የማስታውሰው ስለቱን ስስል ነው ወይስ ሣጥኑን ስቈልፍ? ሰንጢውን የሰጠኝ እንጨት እንድጠርብበት ነው። መክሊቱን በመሬት የቀበረውም ባሪያ ለጌታው የጠበቀለት መስሎት ነበር።

አንዳንዱ፦ «ለሥራ ሌላ ርካሽ ቢላዋ ግዛ፤ ይህን አስቀምጥ» ይለኛል። ምክሩ ብልኅ ይመስላል። ነገር ግን ሰንጢዬን ያዛገው መቀመጡ ነው። በየቀኑ የሚከፈት ሰንጢ ይጠረጋል፤ ዘይት ይቀባል፤ እንጨቱም ሲያብጥ ባለቤቱ ያውቃል። ዕቃን ከሁሉ በላይ የሚጠብቀው የባለቤቱ እጅ ነው።

በዚህ ነገር የምወቅሰው ወጣቱን ብቻ አይደለም። የእኛ ዕድሜ ሰዎች ብርጭቆውን በቡፌ ደርድረን እኛ በተሰነጠቀ ጣሳ እንጠጣለን፤ መጽሐፍ ገዝተን እንዳይቈሽሽ ብለን ልጅ እንዳይነካው እንከለክላለን። ከዚያም ልጆቻችን ማንበብ አይወዱም ብለን እናማርራለን።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልጨምር። ሰንጢን ለጠብ በኪሱ የሚይዝ ወጣት ነገሬን ለራሱ እንዳይጠቅስ። ያ ዕቃን በሥራ ማዋል ሳይሆን ሰውን መበደል ነው፤ ለእርሱስ ከእኔ ሣጥን የሚሻል ቦታ የለም።

ሰንጢውን በዐመድ ፈትጌ፣ ዘይት ቀብቼ፣ በድንጋይ ሳልሁት። የዝገቱ ጠባሳ አልለቀቀም፤ አይለቅም ይሆናል። ዛሬ ጌሾ እቈርጥበታለሁ፤ ሎሚ እገርዝበታለሁ፤ የሚውለውም በኪሴ ነው። ባለፈው ሳምንት የዚያ የጎረቤቴ ልጅ ለጥጃ ገመድ ሊቈርጥበት ፈልጎ መጣና፦ «መምህር፣ ሰንጢዎን ያውሱኝ» አለኝ። ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ማታ ስለቱ ትንሽ ጐድፎ መለሰልኝ፤ ሌሊቱን ሳልሁት።